የባሮ ዓሦችና የዘራቸው ምስጢር
(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር)



ዛሬ ልናወራላችሁ ያሰብነው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ዓሣ ከየት ይመጣል? ወንዴውና ሴቴውስ በምን ይለያያሉ? ተብሎ ቢጠየቅ፣ በደጋ ያደግን ብዙዎቻችን «ዓሣ ከውሃ ይገኛል» ከማለት የተሻለ መልስ የለንም። በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላና በኢታንግ ለሚኖረው ሰው ግን ጥያቄው እንዲህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የሚቀጥለው ዓመት እራት ጥያቄ ነው። ዓሣ እናትና አባት አለው፤ የሚጋባበት ጊዜ አለው፤ ልጆቹን የሚያሳድግበትም ስፍራ አለው። ጊዜውን ወይም ስፍራውን ያበላሸ ሰው ዘሩን አጥፍቶ መረቡን ባዶ ያደርጋል። ይህንንም ዕውቀት የሰው ልጅ ያገኘው በነጻ አልነበረም። በፍለጋው ላይ ሕይወታቸውን ያጡ ወጣቶች ነበሩ። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ከባሮ ዓሦች ጋር አያይዞ የሚያስረዳ ነው። የውጭ አገር ታሪኮችን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

የዓሣ ወንዴና ሴቴ ነገር ሊቃውንትን ማስጨነቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከ2300 ዓመት በፊት የኖረው የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፣ ከባሕር ዓሦች አንዳንዶቹ በተያዙ ቍጥር ዕንቁላል እንጂ የወንዴ ዘር እንዳልተገኘባቸው ገልጧል። ነገሩን አይቶታል፤ ምክንያቱን ግን ሊያገኘው አልቻለም። ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1787 የናፖሊው ተወላጅ ፊሊፖ ካቮሊኒ ከእነዚሁ ዓሦች አንዱን ዓይነት መርምሮ፣ አንዱ ዓሣ በአንድ ሰውነት ውስጥ የሴቴውንም የወንዴውንም ዘር ይዞ እንደሚገኝ አስረዳ። ይህን የሰሙ ሁሉ ተደነቁ። ወንድነትና ሴትነት ከተፈጠሩ በኋላ የማይነቃነቁ ሁለት ግድግዳዎች ናቸው ብለው ያምኑ ነበርና።

ከዚህ የበለጠው አስደናቂ ነገር የተገኘው ከእኛ ብዙ በማይርቀው በቀይ ባሕር ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው፣ የቀይ ባሕርን ዓሦች እየሰበሰበ መልካቸውን በሥዕልና በጽሑፍ ያስተዋወቀ ሊቅ ነበር። ይህ ሰው በ1831 ምጽዋ ወርዶ፣ የሰሜንን ተራራ አቋርጦ ጎንደር ድረስ ገብቷል። የጣናንም ዓሦች ለሳይንስ ዓለም ያሳወቀ እርሱ ነው። ወደ ጎንደር ከመምጣቱ በፊት፣ በ1830፣ በገላዋ ላይ ሁለት ነጭ መቀነት ያለባትን አንዲት ትንሽ ብጫ ዓሣ በመጽሐፍ መዝግቦ ስም አውጥቶላት ነበር። ይህች ዓሣ ኮራል በሚባለው የባሕር ዐለት መካከል፣ አበባ በምትመስልና በምትናደፍ የባሕር እንስሳ እቅፍ ውስጥ ተጠግታ ትኖራለች።

ሩፔል ስሟን እንጂ ጠባይዋን አላወቀም። ጠባይዋ የታወቀው በ1977 ሃንስ ፍሪኬና ሲሞን ፍሪኬ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ ነው። በአንዲት መጠጊያ ውስጥ አብረው ከሚኖሩት ትልቋ ሴቴ ናት፤ ከእርሷ የሚያንሰው ባልዋ ነው። ሴቴዋ የሞተች እንደ ሆነ ባል የነበረው ራሱ ወደ ሴትነት ይለወጣል፤ ከእርሱ በታች ያለው ታናሽ ደግሞ አድጎ ወንዴ ይሆናል። በዚያው በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ደግሞ፣ በ1970 ሌቭ ፊሸልሰን የተባለው ሊቅ በሌላ ዓሣ ላይ ተቃራኒውን አሳይቶ ነበር። በዚያ መንጋ ውስጥ ወንዴው ሲጠፋ ከሴቶቹ አንዷ ወንዴ ሆና ስፍራውን ትይዛለች። ስሙን ከመመዝገብ ጠባዩን እስከ ማወቅ 147 ዓመት ማለፉን ልብ ይሏል። አንድን ፍጥረት በስም ማወቅና በኑሮው ማወቅ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ከባሕሩ ወጥተን ወደ ወንዛችን እንምጣ። በወንዙም ዘንድ የዓሣው ወንዴና ሴቴ ነገር እንደ ባሕሩ ሁሉ ምስጢር ሆኖ የኖረ ነውና።

ባሮ የብርብርና የገባ ወንዞች ከተገናኙ በኋላ የሚጠራበት ስም ነው። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ እየተንደረደረ ወርዶ ጋምቤላ ሲደርስ ፍጥነቱን ያበርዳል፤ ከዚያም በሜዳ ላይ ተንጣሎ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። በጠረፉ ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባልና ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ የባሮ ዓሦች የዓባይ ዓሦች ናቸው። በጋምቤላ የሚጠመደውን ዓሣ የካርቱም ሰው ቢያየው ያውቀዋል።

የጋምቤላ ከተማ ታሪክም ከዚህ ውሃ ጋር የተሳሰረ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓመተ ምሕረት ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት የድንበር ውል በአራተኛው አንቀጽ፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጣቢያው የተሠራው በጋምቤላ ነው። ከዚያ በኋላ የደጋው ቡና፣ ቆዳና ሰም በበቅሎና በሸክም እየወረደ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይላክ ነበር። ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ። የመርከቡም ንግድ ያን ጊዜ ወደ ፍጻሜው ቀርቦ ነበር።

መርከቦቹ ዓመቱን ሙሉ አይመጡም ነበር። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ ይመላለሱ ነበር። ውሃው ሲጎድል መርከብ አሸዋ ላይ ይቀራልና ነጋዴው የሙላቱን ወራት በጣት እየቈጠረ ይጠብቅ ነበር። ታዲያ ለነጋዴው የገበያ ወራት የነበረው ሙላት፣ ለዓሣው የሰርግ ወራት ነው። ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ ሣሩን ሲያለብስ ዓሦቹ ከዋናው ወራጅ ወጥተው ወደ ተጥለቀለቀው ሜዳ ይሄዳሉ። በዚያ ሞቅ ባለ፣ ጸጥ ባለና ምግብ በሞላበት ውሃ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ውሃው ሲሸሽ ያደጉት ልጆች አብረው ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። የመርከቡ ዘመን አልፏል፤ የዓሣው ሰርግ ግን ዛሬም በየክረምቱ ይደገማል።

በዚህ ሰርግ ከሚታደሙት አንዱ ፖሊፕቴረስ የሚባለው ዓሣ ነው። ስሙ በግሪክ ቋንቋ «ብዙ ክንፍ» ማለት ነው። በጀርባው ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰለፉ ትንንሽ ክንፎች አሉት፤ ሰውነቱ እንደ እባብ ረዘም ያለ፣ ቅርፊቱም እንደ ጥሩር የጠነከረ ነው። ከስንጥቡ ሌላ ሳንባ ስላለው ከውሃው ላይ ብቅ እያለ አየር ይስባል። በባሮ ከአንድ በላይ ዓይነቱ ይገኛል። ይህን ዓሣ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀው ናፖሊዮን ወደ ግብፅ በዘመተ ጊዜ፣ ከ1798 እስከ 1801፣ አብሮት የሄደው ፈረንሳዊው ኤቲየን ዦፍሯ ሴንት ኢሌር ነበር።

ሊቃውንቱ ዓሣውን ካዩ በኋላ አንድ ትልቅ ጥያቄ ተነሣባቸው። እንስሳ ከውሃ ወደ የብስ እንዴት እንደ ወጣ ይህ ሳንባ ያለው ዓሣ ሊያስረዳ ይችል ይሆናል ብለው አሰቡ። ለዚህም ከዕንቁላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚያድግ ማየት ያስፈልጋል። ነገር ግን በመቶ ዓመት ውስጥ ዕንቁላሉን ያየ አንድ ሊቅ አልተገኘም። ዓሣው የሚጋባው በሞላ ውሃ፣ በረግረግ ሣር ውስጥ፣ ወባ በሚበረታበት ወራት ነውና።

ናታን ሃሪንግተን የተባለው ወጣት አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ይህንኑ ዕንቁላል ፍለጋ ወደ ዓባይ ሁለት ጊዜ ተጓዘ። በሁለተኛው ጉዞው፣ በ1899፣ ሱዳን ውስጥ ታሞ ሞተ። የፈለገውን አላገኘም።

ከእርሱ ጋር በአንድ ዘመን ጆን ሳሙኤል ባጄት የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ይህንኑ መንገድ ጀምሮ ነበር። ባጄት በ1872 ተወልዶ በካምብሪጅ የተማረ ነው። ገና ተማሪ ሳለ፣ ከጓደኛው ከጆን ግራሃም ኬር ጋር ሳንባ ያለውን ሌላ ዓሣ ፍለጋ ደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ፓራጓይ ሄዶ ነበር። ከዚያ ተመልሶ ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ ወደ ጋምቢያ ወንዝ አቀና። አድማጮቻችን ጋምቢያን ከጋምቤላ ጋር እንዳታምታቱ እናሳስባለን፤ ስማቸው ይቀራረባል እንጂ በመካከላቸው የአፍሪካ ስፋት አለ። በጋምቢያ ሁለት ክረምት ደከመ፤ ዕንቁላሉ አልተገኘም። በ1902 ወደ ኡጋንዳና ወደ ላይኛው ዓባይ ተጓዘ፤ አሁንም አልተሳካለትም። በ1903 ለአራተኛ ጊዜ ወደ አፍሪካ ተመልሶ ወደ ኒጀር ወንዝ አፍ ሄደ። በዚያም ከሴቴው ዕንቁላል፣ ከወንዴው ዘር ወስዶ በዕቃ ውስጥ አገናኛቸው። ዕንቁላሉ ሕይወት ዘራ። የመቶ ዓመቱ ምስጢር በአንድ ሳህን ውሃ ውስጥ ተፈታ።

ባጄት ያገኘውን ይዞ በደስታ አገሩ ገባ። ነገር ግን ከአፍሪካ ይዞት የሄደው የዓሣ ዕንቁላል ብቻ አልነበረም፤ ወባም በደሙ ውስጥ ነበረች። ያመጣቸውን ፅንሶች ሥዕል በመሥራት ላይ ሳለ ሕመሙ ተነሣበትና በጥር ወር 1904 ዐረፈ። ዕድሜው 31 ዓመት ነበር። ጓደኛው ኬር ግን ድካሙ ከንቱ ሆኖ እንዳይቀር ሥራውን ተረክቦ መረመረው፤ በ1907ም በባጄት ስም የተሰየመ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመለት። ወዳጅነት ማለት እንዲህ ነው።

ከዚህ ድካም የተገኘው ዕውቀት ምንድን ነው? የፖሊፕቴረስ ልጅ ከዕንቁላሉ ሲወጣ በራሱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተንዠረገገ የውጭ ስንጥብ አለው። አየር ባነሰበት ረግረግ የሚተነፍሰው በእርሱ ነው፤ ሲያድግ ይጠፋል። ወንዴው ለአካለ መጠን ሲደርስ ከሆዱ በስተኋላ ያለው ክንፉ ይሰፋል፤ ይወፍራል። በጋብቻ ጊዜ ይህን ክንፍ እንደ እፍኝ አድርጎ ከሴቴዋ የሚወጣውን ዕንቁላል ይቀበልበታል፤ ዘሩንም በላዩ ያፈስበታል። ከዚያ በኋላ ዕንቁላሉ በውሃ ሣር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ሣር የሌለበት ውሃ ለዚህ ዓሣ አልጋ የሌለው ቤት ማለት ነው።

ባጄት ዋናውን ዓሣ ሲፈልግ ሌሎችንም አስተውሏል። ዓሣ የሚጋባበትን ስፍራ ከማንም በላይ የሚያውቀው አጥማጁ ስለ ሆነ፣ የአካባቢው ሰዎች ይመሩት ነበር። በ1900 በጋምቢያ ረግረግ ካያቸው ጎጆ ሠሪ ዓሦች ሁለቱ በእኛው በባሮም ይኖራሉ።

አንደኛው ጂምናርከስ ነው። ይህ ዓሣ ከሣር የተጎነጎነ ተንሳፋፊ ጎጆ ይሠራል። የጎጆው ሦስት ወገን ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ እንደ አጥር ይቆማል፤ አራተኛው ዝቅ ብሎ መግቢያ ይሆናል። በውስጡ እስከ አንድ ሺህ የሚደርስ ዕንቁላል ይጣልበታል፤ የአንዱ ዕንቁላል ስፋት አንድ ሳንቲሜትር ያህል ነው። ወላጁ ጎጆውን በቁጣ ይጠብቃል፤ እጁን የሚሰድበትን ሰው ይነክሳል። ሁለተኛው ሄቴሮቲስ ነው። እርሱ በረግረጉ መካከል ሣሩን እየነቀለ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ክብ ስፍራ ያጸዳል፤ የነቀለውንም ሣር ዙሪያውን እንደ ቅጥር ይከምረዋል። ልጆቹ ከተፈለፈሉ በኋላ እንደ ጥቁር ደመና ተሰብስበው ወላጃቸውን ተከትለው ይወጣሉ።

ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ የሚባለው፣ በጣናና በሌሎችም ሐይቆቻችን የምናውቀው ዓሣ፣ በባሮም አለ። ወንዴው በዳርቻው አሸዋ ላይ ጉድጓድ ይምሳል፤ ሴቴዋም ዕንቁላልዋን ጥላ፣ ዘር ከተዘራበት በኋላ በአፍዋ ትሰበስበዋለች። ልጆቹ በአፍዋ ውስጥ ተፈልፍለው ያድጋሉ። ራሳቸውን ችለው መዋኘት ከጀመሩም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው በእናታቸው አፍ ይሸሸጋሉ። በዚህ ወራት አንዲት ቆሮሶ ያጠመደ ሰው፣ አንዲት ብቻ አጠመድሁ ቢል ተሳስቷል። የዚህ ዓሣ ወንድነትና ሴትነት በመሠረቱ በዘር የሚወሰን ነው። ሆኖም በ1990ዎቹ የተደረጉ ምርመራዎች፣ ገና የተፈለፈሉት ልጆች እጅግ በሞቀ ውሃ ውስጥ ሲያድጉ ወንዶቹ እንደሚበዙ አሳይተዋል። እንግዲህ ከላይ ያነሣነው የቀይ ባሕሩ ነገር ለወንዝ ዓሣም ባዕድ አይደለም። የውሃው ሙቀት እንኳ በሴትና በወንድ ቍጥር ላይ ሥልጣን አለው።

ናይል ፐርች የሚባለው የባሮ ግዙፍ ዓሣ ደግሞ ጎጆም አይሠራ፣ ልጁንም አይጠብቅ። ዕንቁላሉን ለውሃው ይሰጣል፤ ተስፋው ብዛቱ ነው። ወንዴው ገና በትንሽነቱ ለመውለድ ይደርሳል፤ ሴቴዋ ዘግይታ ትደርሳለች፤ ገዝፋም ታድጋለች። ስለዚህ እጅግ ትልልቆቹ ናይል ፐርቾች አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ አንዲት ትልቅ ሴቴም በሚሊዮን የሚቈጠር ዕንቁላል ትሸከማለች። በአውስትራሊያና በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚኖረው የዚህ ዓሣ የቅርብ ዘመድ፣ ባራመንዲ የሚባለው፣ አስቀድሞ ወንዴ ሆኖ ዘሩን ከዘራ በኋላ ሲገዝፍ ወደ ሴቴነት እንደሚለወጥ በ1979 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። የሁለቱ ጠባይ ቢለያይም ለአጥማጁ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው። በገበያ ላይ ሁለት ሰው ተሸክሞት ሲሄድ የምናደንቀው ያ ትልቅ ዓሣ የብዙ ሺህ ልጆች እናት ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ትልቁን ብቻ የሚያሳድድ ሰው እናቶችን እየለየ ማጥፋቱን አይወቅ እንጂ እያጠፋ ነው።

በአገራችንም ይህን ሀብት ለማወቅ ብዙ ተደክሟል። በ1980ዎቹ የተጀመረው የኢትዮጵያና የሩስያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጥናት ጓድ የባሮንና የአኮቦን ውሃዎች መርምሮ፣ በኢትዮጵያ ካሉት የውሃ ተፋሰሶች ሁሉ በዓሣ ዓይነት ብዛት የሚተካከላቸው እንደሌለ አረጋግጧል። ከ100 በላይ የዓሣ ዓይነቶች በዚህ ተፋሰስ ተመዝግበዋል። በ1995 ዓመተ ምሕረትም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 ወጥቷል።

አዋጅ ብቻውን ግን ዓሣ አይጠብቅም። የሚጠብቀው በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ነው። አኙዋውና ኑዌሩ የሙላቱን መምጣትና መሸሽ ከአባት ከአያት ሲቀባበሉት የመጡ ሕዝቦች ናቸው። ውሃው ሲሸሽ በየጉድጓዱ የሚቀረውን ዓሣ በጦርና በወጥመድ እየያዙ ኖረዋል። በዚያ መንገድ የሚያዘው ዓሣ ውሃው ቢደርቅ መሞቱ የማይቀር ነበርና ዘሩን አይጎዳም። ጉዳት የሚመጣው ዓይኑ የጠበበ መረብ ከሙላቱ ወደ ወንዙ በሚመለሱት ልጆች መንገድ ላይ ሲዘረጋ ነው፤ መርዝ በውሃ ላይ ሲፈስ ነው፤ ረግረጉ ጥቅም የሌለው መሬት ነው ተብሎ ሲደርቅ ወይም ሙላቱ በግድብና በአጥር ሲታገድ ነው። በወንዙ ላይ ሥራ የሚያቅድ መሐንዲስ ስለ ስሚንቶውና ስለ ብረቱ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ «ዓሣው የሚጋባው የት ነው?» ብሎ አጥማጁን ቢጠይቅ አይጎዳም። ባጄትም ከካምብሪጅ መጥቶ ይህንኑ ጥያቄ የጠየቀው በጋምቢያ ዳር የሚኖሩትን አጥማጆች ነበር።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ በሚመጣው ክረምት ባሮ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብስ ያየ ሰው፣ ወንዙ መንገዱን ስቶ ወጣ ብሎ አያማርር። በዚያ ሣር ሥር ጎጆ የሚሠራ አባት፣ ልጆቿን በአፍዋ የያዘች እናት፣ በላባ መሳይ ስንጥብ የሚተነፍስ ጨቅላ አለ። ይህን ለማየት ሁለት ወጣቶች ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ከእኛ የሚጠየቀው ግን ቀላል ነው፤ በሰርጉ ወራት ሰርገኞቹን አለመበተን ነው።